ሥጋ ይዞ መሄድ ደንብ ነው

ጥርርር። ጥርርር። ጥርርር።

ስልክ ከአልጋ ብረት ጋር ሲጣላ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ዓይኑን ላልገለጠ ሰው ግን ጥርሱን የሚያፋጭ ጎረምሳ ይመስላል። ድምፁ አልቆም ሲል ከላይኛው አልጋ የክፍል ደባሉ የተካ ድምፅ ወረደ።

«አንተ መካሪ፣ ሕዝብህ ይጠራሃል። ወይ መልስለት ወይ ቅበረው።»

ናኦድ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያየው መጋረጃውን፣ ቀጥሎ በመጋረጃው ቀዳዳ የሾለከውን የአጅማን ፀሐይ፣ ከዚያ ስልኩን ነው። አርባ ሁለት መልእክት ገብቶለታል።

ናኦድ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ከዩኒቨርሲቲ በር አንድ ስንዝር ሲቀረው የቀረ፣ ከሰው ይልቅ ከሐሳቡ ጋር የሚያወራ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነው። አጅማን ውስጥ፣ ስድስት ሰው በሚያድርበት ክፍል፣ አንዲት ቢድ ስፔስ፣ ማለትም የአልጋ ቦታ ብቻ፣ አለችው። በሳምንት ስድስት ቀን የኩባንያው ባስ ጭኖ ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ ያደርሰዋል፤ እዚያም ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ዲግሪ በሆነ መጋዘን ውስጥ የበረደ ዶሮ ሲደረድር ይውላል። አገር ምድሩ በሙቀት ሲንጨረጨር እሱ አፍንጫው ቀልቶ፣ ሁለት ካልሲ ደርቦ ነው ወደ ቤት የሚመለሰው። በዱባይ ጉንፋን የማይለቀው ሰው ቢፈለግ እሱ ነው።

ይህ የቀን ኑሮው ነው። ስልኩ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ይኖራል። «ዱባይ ለምትመጡ ሁሉ» የሚባል፣ አሥራ አንድ ሺህ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ ናኦድ እዚያ «መንገድ አዋቂው» ነው። የቪዛ ነገር፣ የሻንጣ ኪሎ፣ የሜትሮ መስመር፣ የወርቅ ገበያ፣ የበረሃ ሽርሽር፣ ምንም ይጠየቅ ምን «አላውቅም» የሚል ቃል ከጣቱ ወጥቶ አያውቅም። የበረሃውን ግመል ያየው ማስታወቂያ ላይ፣ ረጅሙን ሕንፃ ያየው በባስ መስኮት ነው። ሆኖም አንዱን ድረ ገጽ አንብቦ፣ ትንሽ አልሞበት፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጎበት ሲጽፈው ተወልዶ ያደገበት ይመስላል። ሰዉም «አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን» ይለዋል። በጽሑፉ ሽማግሌ ነው።

ከአርባ ሁለቱ መልእክት አንዱ የገሊላ ነበር። ገሊላ መርካቶ ውስጥ የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች፤ በሦስት በአራት ወር እየመጣች፣ ዴራ ከሚባለው የዱባይ ገበያ ሰፈር ካለው ሙጂብ ከሚባል ኢራቃዊ ጅምላ ነጋዴ ዕቃ ታነሣለች። ስምንት ወር ሙሉ ናኦድን ስትጠይቅ፣ እሱም ሲመክር ኖሯል። ተገናኝተው ግን አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ውለታውን ልትመልስ አስባ እንዲህ ብላው ነበር፦ «ሙጂብ አበሻ ደንበኞቹን የሚቀበልለትና የሚመክርለት ሰው ይፈልጋል። እኔም ሁሉን የሚያውቅ ሰው አለኝ አልኩት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ናኦድ ዶሮ ሲደረድር የሚታየው ሱቅ ነው። ሙቅ ሱቅ። ወንበር ያለው።

የዛሬው መልእክት ደግሞ ይኸው፦ «ሙጂብ እሑድ ሻርጃ እቤቱ ባርቤኪው ጠርቶናል፤ አንተንም ጭምር። እዚያው አይቶህ ስለ ሥራው ይወስናል። ለመሆኑ ባርቤኪው ሲጠሩ ደንቡ ምንድን ነው? እንዳላሳፍር ምከረኝ።»

«ምን አሉ ምእመናን?» አለ ተካ ከላይ።

«ባርቤኪው ተጠራሁ።»

«አንተ? በልተህ ታውቃለህ?»

«አንብቤያለሁ።»

«እሱማ ስለ ጋብቻም አንብበሃል።»

ናኦድ ስልኩ ላይ መፈለግ ጀመረ። የጥብስ ሥርዓት በየአገሩ ምን እንደሚመስል ለተጓዦች የሚመክር ረጅም ገጽ ወጣለት። ከላይ ደቡብ አፍሪካ ነበረች፦ እንግዳ የሚጠበስለትን ሥጋ ራሱ ይዞ ይሄዳል፣ የባለቤቱን እሳት ግን አይነካም። ቀጥሎ አርጀንቲና፦ ጥብሱ ሲደርስ ለጠባሹ ይጨበጨባል። ከዚያ ኮሪያ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። የዓረቦቹ ከገጹ ግርጌ ነበር። ገጹ ረጅም ነው፤ የኩባንያው ባስ ግን ከደጅ የሚቆመው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ጡሩምባው ሲነፋ ናኦድ አንድ ጫማ አጥልቆ፣ ሌላውን በብብቱ ይዞ እንዲህ ጻፈ፦

«እህቴ ገሊላ፣ ባርቤኪው ሲጠሩ ሥጋ ይዞ መሄድ ደንብ ነው። ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው። የባለቤቱን እሳት መንካትም ነውር ነው። ሲደርስ ማጨብጨብ። በቃ ይኸው ነው።»

«ዕድሜ ይስጥልኝ» አለች ገሊላ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከጣት የወጣ ደግሞ ሥጋ ቤት ይገባል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ናኦድ የተካን ሸሚዝ ለብሶ ሻርጃ፣ የሙጂብ ግቢ በር ላይ ቆመ። ጥምቀት ካለፈ ገና ሳምንቱ ነው፤ አየሩ ደስ ይላል። ብዙም ሳይቆይ ታክሲ መጥቶ አንዲት ጥቁር መነጽር ያደረገች፣ ሞላ ያለች ሴት አወረደ። በአንድ እጇ የእጅ ቦርሳ፣ በሌላው አንድ ትልቅ ፌስታል ይዛለች።

«አንተ ነህ መንገድ አዋቂው?»

«ነኝ።»

ገሊላ መነጽሯን አወለቀች። «እኔኮ ጺም ያላቸው አባት ነበር የጠበቅኩት። ስምንት ወር ሙሉ ዕድሜ ይስጥልኝ እያልኩ የመረቅኩት ለዚህ ልጅ ነው?»

«ምርቃቱ አይባክንም» አለ ናኦድ አንገቱን ሰብሮ።

«አፍንጫህ ምን ሆኖ ነው?»

«ሹግል፣ ሥራ ነው።»

ፌስታሉን ከፈት አድርጋ አሳየችው። «እንዳልከኝ አድርጌያለሁ። ከአል ሪጋ ጀርባ ካለው የአበሻ ሥጋ ቤት፣ ጠዋት የገባ። ሦስት ኪሎ ሽንጥ። ቆራጩ ለምንሽ ነው ቢለኝ ለባርቤኪው አልኩት። 'ይሄን እሳት ማስነካት ኃጢአት ነው' ብሎ ሊነጥቀኝ ነበር።» በዓረብ አገር የታረደውን ሥጋ መብላት አለመብላቱን ገሊላ ከንስሐ አባቷ ጋር የጨረሰችው ጉዳይ ነው፤ እኛን አያገባንም።

በሩ ተከፈተ። ሙጂብ ነጭ ጀለቢያው ላይ ሽርጥ ያሰረ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው። አማርኛን በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የተማረው ከሴት ነጋዴዎች ብቻ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም የሚያናግረው በ«አንቺ» ነው። የናኦድን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«እንኳን ደህና መጣሽ። ሁሉ የምታውቂ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ» አለ ናኦድ። ለወንበሩ ሲል ሴት መሆንም አይከብድም።

ገሊላ ፌስታሉን ዘረጋችለት። ሙጂብ አጎንብሶ አየው።

«ምንድን ነው?»

«ሥጋ።»

«ለምን?»

«ደንብ ነው» አለችና ወደ ናኦድ ዞረች። ናኦድ ራሱን ነቀነቀ።

የሙጂብ ፈገግታ ከሁለቱም ጫፍ ትንሽ ትንሽ ተሸበሸበ። በእሱ አገር እንግዳ ሥጋ ይዞ መጣ ማለት «ቤትህ የሚበላ አይኖርም ብለን ነው» ማለት ነው። እኛስ ዘንድ ቢሆን? ሰርግ ተጠርቶ ድስት ይዞ የሚሄድ ማን አለ? ናኦድ ይህን አሰበ፤ ችግሩ ያሰበው አሁን መሆኑ ነው።

ሙጂብ ግን ጨዋ ሰው ነው። ፌስታሉን ተቀብሎ ምንጣፍ በተነጠፈበት ጥላ ሥር አኖረና ወደ ግቢው መሐል መራቸው። እሳት ይነዳል። ከእሳቱ ፈንጠር ብለው ሁለት ግዙፍ ዓሣዎች፣ ጀርባቸው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ተገልጠው፣ በእንጨት ተወጥረው ቆመዋል። እሳቱን ያዩታል እንጂ አይነኩትም።

«ማስጉፍ» አለ ሙጂብ ደረቱን ነፍቶ። «እኛ ኢራቅ፣ ለትልቅ እንግዳ ይህ ነው። አባቴ እንዲህ፣ የአባቴ አባት እንዲህ። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ሦስት ሰዓት።»

ገሊላ የናኦድን ክርን ጎተተች። «ዓሣ ነው እንዴ?»

«ዓሣ ነው።»

«ዛሬ የፍስክ እሑድ አይደለም? ምን በድዬው ነው በፍስክ ቀን ዓሣ የሚያበላኝ? ይሄን ያህል ዓመት ደንበኛው ሆኜ።»

እንግዲህ እሱ በሥጋው፣ እሷ በዓሣው ተቀየሙ። ሁለቱም ጥርሳቸውን እያሳዩ ቁጭ አሉ፤ ናኦድ መሐል ተቀመጠ።

ቴምርና ውኃ ይዛ ነፊሳ መጣች። ነፊሳ የደሴ ልጅ ናት፤ የሙጂብን አሮጊት እናት ለመጠበቅ ሦስት ዓመት እዚህ ቤት ሠርታለች። የአገሯን ሰው ስታገኝ ምላሷ ይፈታል። ሙጂብ ወደ እሳቱ ሲሄድ ፌስታሉን በዓይኗ ጠቆመች።

«ሥጋ ይዛችሁ መጣችሁ? እዚህ ቤት? ማነው እንዲህ ያለ ምክር የሰጣችሁ?»

«መንገድ አዋቂው» አለች ገሊላ ኮራ ብላ።

«የቴሌግራሙ? እሱ ሰውዬ ገና በሕይወት አለ?» ነፊሳ ሳህኑን አስቀመጠችና ወገቧን ያዘች። «ዋላሂ አንድ ቀን ባገኘው። እህቴ አስያ አምና በጥር ስትመጣ ጠየቀችው። 'በጥር የዱባይ ብርድ አጥንት ይሰብራል፣ ወፍራም ወፍራሙን ያዙ' አላት። ሁለት ጋቢ፣ አንድ ካፖርት፣ የሱፍ ካልሲ ይዛ መጣች። ማዳሟ ኤርፖርት ላይ ላቧን አይታ 'ይቺ ልጅ ታማብኛለች' ብላ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው የወሰደቻት።»

ናኦድ ቴምሩን ከነፍሬው ዋጠ። ያንን የጻፈው ከመጋዘኑ በወጣ በአምስተኛው ደቂቃ ነበር። አልዋሸም፤ አጥንቱ ሊሰበር ደርሶ ነበር።

«ይኸውልሽ፣ እሱ ነው» አለች ገሊላ በአገጯ እያሳየች።

ነፊሳ ከእግር እስከ ራሱ ለካችው። «ይሄ ሕፃን?»

«ይቅርታ» አለ ናኦድ።

«ጋቢዎቹ አሉ። ከፈለግክ ልስጥህ።»

«እፈልጋለሁ» አለ ሳያስበው። ከዚያ ወደ እሳቱ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እባክሽ እህቴ፣ ለሙጂብ እንዳትነግሪው። ሱቁ ሊቀጥረኝ ነው።»

«ምን ልትሠራ?»

«ልመክር።»

«ያ ረቢ» አለች ነፊሳ፣ ቁጭ አለች።

አንድ ሰዓት አለፈ። ሙጂብ እሳቱን ያራግባል፣ እንጨት ይጨምራል፣ ስለ ወንዛቸው ያወራል። ዓሣዎቹ እንደ ቆሙ ናቸው። ገሊላ ለግብዣው ቦታ ልተው ብላ ከጠዋት ጀምሮ አንዳች አልቀመሰችም፤ ሆዷ ሲያጉረመርም ናኦድ ስልኩ የነዘረ መስሎት ኪሱን ዳሰሰ። በመጨረሻ ሙጂብ ተነሥቶ አንደኛውን ዓሣ በሌላ በኩል አዞረው። ገሊላ የደረሰ መስሏት፣ ደንቡን አስታውሳ አጨበጨበች።

ሙጂብ ደንግጦ ዘወር አለ። «ምንድን ነው?»

«ደንብ ነው» አለችና እንደገና ወደ ናኦድ አየች። ናኦድም አጨበጨበ። ነፊሳም ለሀገር ልጅ ብላ ጨመረችበት።

ሙጂብ ትንሽ አሰበና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ። «ኢትዮጵያ ለዓሣ ታጨበጭባላችሁ?»

«ለሁሉም ይጨበጨባል» አለ ናኦድ።

«ጥሩ አገር» አለ ሙጂብ፣ ሎሚና ዳቦ ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ።

እሱ ዞር ሲል ገሊላ ወደ ናኦድ ተጠጋች። «ናኦዴ፣ ይሄ ዓሣ ዛሬ አይደርስም። ቢደርስም እኔ አልደርስም። ሥጋዬን እሳቱ ላይ ጣል አድርግልኝ።»

«የባለቤቱን እሳት መንካት ነውር ነው።»

«ማን አለ?»

«እኔ።»

«ቆይ እስቲ። ሥጋ ይዛችሁ ሂዱ አልክ። እሳት አትንኩ አልክ። ታዲያ ሥጋውን ምን ልናደርገው ነው?»

ናኦድ ይህንንም አሁን ነው ያሰበው። ሦስቱም ፌስታሉን አዩ። ገሊላ እጇን ሰዳ ገለጠችው። ቀይ ነው። ስቡ እንደ ነጭ ጥልፍ ዳር ዳሩን ይዞታል። የሥጋ ቆራጩ ጸሎት የደረሰ ይመስላል።

«ቢላ ላምጣ?» አለች ነፊሳ፣ በጣም በቀስታ።

«ሚጥሚጣስ?» አለ ናኦድ።

«እኔ ያለ ሚጥሚጣ ከአገሬ ወጥቼ አላውቅም» አለች ገሊላ፣ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተች።

ቢላውም ሚጥሚጣውም ቀረበ። ነፊሳ ሥጋውን በግራ እጇ እየያዘች፣ ቢላውን ወደ ላይ እየሳበች ስትቆርጥ ከእናቷ ጓዳ የወጣች አትመስልም ነበር፤ ሥጋ ቤት ተቀጥራ የኖረች ነበር የምትመስለው። ናኦድ ሥጋ ሲባል ዓመቱን ሙሉ የሚያውቀው እንደ ድንጋይ የደረቀ ዶሮ ነው፤ ለስላሳው ሥጋ አፉ ሲገባ ዓይኑን ጨፈነ። ሱቁንም ወንበሩንም ለአፍታ ረሳ።

ሙጂብ ሎሚ በሳህን ይዞ ብቅ ያለው በዚህ መሐል ነው። ያየው ነገር ይህ ነው፦ ምንጣፉ ላይ ሦስት ሰዎች ጣታቸው በበርበሬ ቀልቶ፣ ትንፋሽ ሳያሰሙ፣ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ። ሎሚዎቹ ከሳህኑ ወርደው እስከ ዓሣዎቹ ተንከባለሉ።

«ዋላሂ ትንሽ ነው የቀረው» አለ ወደ እሳቱ እየጠቆመ። በረሀብ ያበዱ ነው የመሰለው፤ ያሳበዳቸውም የእሱ ዓሣ። «ግማሽ ሰዓት። ሃያ ደቂቃ። እባካችሁ አስቀምጡት፣ እኔ እጠብሳለሁ።»

«ሙጂብ፣ ሙሽኪላ የለም» አለች ገሊላ አፏን ሞልታ። «ይሄኮ ክብር ነው። በእኛ አገር ለሚወደድ ሰው የሚቀርብ ነው። ና፣ ቁጭ በል።»

ሙጂብ ቁጭ አለ። ሥጋውን አየ። ነፊሳን አየ፤ ሦስት ዓመት እናቱን ሾርባ ያበላች ልጅ ቢላ እየላሰች ነው። ገሊላ አንዱን ቁራጭ በሚጥሚጣ አሽታ፣ በዳቦ ጠቅልላ፣ ክንዷን ዘርግታ ጠበቀችው። እሱ ግን ፊቱን ወደ ናኦድ አዞረ።

«ስሚ። አንቺ ሁሉ ታውቂያለሽ ተብያለሁ። ሱቄ ከገባሽ ደንበኛ ይጠይቅሻል፣ ትመልሺያለሽ። አሁን እኔ ደንበኛ። ይህን እኔ ልብላ፣ አልብላ? ሆዴ ምን ይሆናል?»

ናኦድ አሰላ። ብላ ቢለውና ሆዱ ቢገለበጥ፣ ሥራው አበቃ። አትብላ ቢለው ደግሞ የገሊላ ጉርሻ አየር ላይ ቀርቶ ያገናኘችውን ሴት አዋረደ። ስልኩ ላይ ቢሆን አንድ ገጽ ይከፍታል፣ አንድ መስመር ያነባል፣ ሽማግሌ ይሆናል። እዚህ ግን አራት ዓይን ሳይሆን ስድስት ዓይን እያየው ነው፤ ሁለቱ ደግሞ የነፊሳ ናቸው።

«አላውቅም» አለ።

ቃሉ ከራሱ አፍ መውጣቱን ተጠራጥሮ ደገመው። «አላውቅም። በሕይወቴ ባርቤኪው ሄጄ አላውቅም። ሥጋ ይዘሽ ሂጂ ያልኩሽ የደቡብ አፍሪካን አንብቤ ነው፣ ጭብጨባው የአርጀንቲና ነው። የዓረቦቹ ከታች ነበር፣ ባስ መጣብኝ። ግመልም አይቼ አላውቅም።»

«ግመል ምን አገባው?» አለች ነፊሳ።

«ስምንት ወር ሙሉ?» አለች ገሊላ፣ ክንዷ እንደ ተዘረጋ።

«ስምንት ወር ሙሉ።»

«የወርቅ ገበያው መንገድስ? በየትኛው ጫፍ እንደሚታጠፍ፣ የት ጋ ጥላ እንዳለ ሁሉ ነግረኸኝ?»

«በካርታ ነው። ጥላውን ገምቼ ነው።»

«ጥላው ነበርኮ» አለች ገሊላ እያሰላሰለች።

ሙጂብ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ናኦድን ተመለከተው። ናኦድ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ዲግሪ ውስጥ እንደሚቆመው ሁሉ ደርቆ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሙጂብ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሺ» አለ። «ስለ ሥራው እኔ የምልሽ...»

የገሊላ ክንድ ዝሏል። የተጠቀለለ ጉርሻ ደግሞ ወደ ሳህን አይመለስም። የሙጂብ አፍ መከፈቱን እንዳየች አገባችለት፤ ወለል ብሎ የተከፈተ አፍ ነበር፣ ሙሉ በሙሉ ገባ።

ሙጂብ ዓይኑ ፈጠጠ። መትፋት በእሱ አገርም ነውር ነው። ማኘክ ጀመረ። ናኦድ አገጩን በዓይኑ ተከተለው፤ ሱቁም፣ ሙቀቱም፣ ወንበሩም ከዚያ ሥጋ ጀርባ ናቸው። አኘከ። ሚጥሚጣው ያለበት ደረሰ፤ ግንባሩ ላብ አወጣ። አኘከ። ዓይኑ ውኃ አቀረረ። በስተመጨረሻ ዋጠ፤ ሲወርድ ሁሉም አዩት።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች ገሊላ ሁለተኛውን እየጠቀለለች። «የሚያፋቅረው ሁለተኛው ነው።»

«ስለ ሥራው ሊነግረኝ ነበርኮ» አለ ናኦድ።

«ይነግርሃል፤ መጀመሪያ ይፋቀር።»

ሙጂብ ተነሣ። ሽርጡን ፈታ፣ በሥርዓት አራት ቦታ አጥፎ ምንጣፉ ዳር አስቀመጠው። ዓሣዎቹን አየ። ገሊላንና እጇ ላይ የተጠቀለለውን ሁለተኛ ጉርሻ አየ፤ አፉን በእጁ ከደነ። ናኦድ ላይ ሲደርስ ትከሻውን አንዴ መታ መታ አደረገው፤ ይህም የማበረታቻ ይሁን የስንብት፣ ናኦድ አላወቀም። ከበሩ ሥር ጫማውን አጠለቀ።

«ሙጂብ?» አለች ገሊላ።

ሙጂብ የመኪናውን ቁልፍ ከግድግዳው አንሥቶ፣ የግቢውን በር ከፍቶ ወጣ። ሞተሩ ተነሣ። ሁለተኛው ጉርሻ ገሊላ እጅ ላይ እንዳለ፣ የቤቱ ባለቤት የገዛ ቤቱን፣ እንግዶቹንና ያልደረሱትን ሁለት ዓሣዎች ትቶ፣ በአጅማን በኩል ባለው መንገድ ሄደ።